የግራው ሞተር

ሞተሩ ያቃስታል እንጂ አይዞርም።

ትንሿ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠችው። አውራ ጣት ከምታህለው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ዝንብ ያለ ድምፅ ይወጣል፤ ዘንጉ ግን ንቅንቅ አይልም። ሽቦውን ከባትሪው ላይ ስታነሳ ድምፁ ጸጥ አለ። መልሳ አስነካችው። እዝዝዝ... አሁንም ያው።

«እንዴት ነው፣ ተነፈሰ?» አለቻት ራዲዮ ከጠረጴዛው ማዶ።

«እያቃሰተ ነው።»

«ካቃሰተማ ነፍሱ አልወጣችም!»

ራዲዮ ዴስክ የምትጋራት ጓደኛዋ ናት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ክፍሉ በሙሉ ነው፤ አንዴ ከተከፈተች ማጥፊያ የላትም ብለው። ትንሿ ደግሞ «ትንሿ» የተባለችው ቤት ውስጥ ነው፤ ወንድሟ «ትልቁ» ስለሆነ። ራዲዮ አንድ ቀን እናቷ ስትጠራት ሰማችና ስሙን ተሸክማ ትምህርት ቤት አመጣችው። በማግስቱ ያልሰማ አልነበረም።

ተማሪው ወደየቤቱ ሄዷል። ሁለቱ የቀሩት ከላቦራቶሪው ጀርባ ባለችው፣ የሳይንስ ክበብ በሚሏት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መደርደሪያው ላይ የተሰበሩ ሚዛኖች፣ አቧራ የጠጡ ብልቃጦች፣ ባለቤታቸው የሰለቻቸው አሻንጉሊት መኪናዎች ተከምረዋል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሮቦቱ እንደ ተገለበጠ ጥንዚዛ ሆዱን ወደ ላይ ሰጥቶ ተኝቷል።

ሮቦቱ የትልቁ ነው። እሷ ገና ፊደል ስትቆጥር፣ እሱ እዚሁ ትምህርት ቤት እያለ የሠራው። አካሉ የብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ነው። ከኋላ ሁለት ጎማ አለው፤ ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ ሞተር። ከፊት በጎማ ፈንታ የብብት ሽቶ ጠርሙስ አፍ ላይ የነበረች ኳስ ትንከባለላለች። ግንባሩ ላይ እንደ ዓይን የተተከሉለት ነገሮች ብርሃን ይለያሉ፤ የእጅ ባትሪ ካበሩለት ብርሃኑን ተከትሎ ይሄዳል። ትንሿ ከጓዳ እስከ ሳሎን መብራት ይዛ ስትሮጥ፣ ጥንዚዛው ሲከተላት፣ ትልቁ መሬት ላይ ተዘርሮ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ትዝ ይላታል። ሲሄድ ታዲያ ወደ ግራ ያዘነብል ነበር። የወንበር እግር ይገጭና እዚያው ይቀራል። «ምን አጠጣችሁት?» ትላለች እናታቸው።

ከዚያ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ጥንዚዛው ደግሞ ካርቶን ገባ። አልጋ ሥር ተረስቶ ዓመታት አለፉ። ትንሿ ሰሞኑን ጎትታ ስታወጣው ባትሪዎቹ ፈንድተው አረንጓዴ ጨው አብቅለዋል፤ ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል፤ ሞተሮቹም አንነቃም አሉ።

በሩ ተከፈተና የክበቡ ኃላፊ፣ የፊዚክስ መምህሩ ገቡ። ለትምህርት ቤቱ አዲስ ናቸው፤ ተማሪው «ቲቸር» ብቻ ነው የሚላቸው። ጠመኔ ከጣታቸው አይለቅም።

«ቲቸር፣ ይስሙልኝ እስኪ። ኤሌክትሪክ ይገባዋል፣ ግን አይዞርም።»

ጎንበስ ብለው አዳመጡ። «ስንት ጊዜ ተቀመጠ?»

«ብዙ።»

«ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ሞተር ግሪሱ እንደ ማስቲካ ይደርቃል» አሉ ከሁለቱ አንዱን፣ የቀኙን፣ አንስተው ዘንጉን በጣታቸው እየፈተኑ። «ውስጡ ያለው መዳብም ይጠቁራል። በዚህ ላይ ጉልበት ብትጨምሪበት፣ ያን ጉልበት የት ያድርሰው? ካልዞረ ይሞቃል፤ ከሞቀ ይቃጠላል። ስለዚህ መጀመሪያ በእጅ ነው። አንድ ጠብታ ዘይት፣ ከዚያ ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ። ሲላላ ጎማውን ሳታስሪበት በአንዲት ባትሪ ብቻ ሞክሪው። ሲለምድ ትጨምሪለታለሽ።»

ትንሿ እንዳሏት አደረገች። በመርፌ ጫፍ ዘይት ጠብ አደረገችበት። ዘንጉን በሁለት ጣቶቿ ስታዞረው መጀመሪያ አሸዋ እንደገባበት ይንገጫገጭ ነበር፤ ቀስ እያለ ለሰለሰ። ባትሪውን አስነካችው። ሞተሩ አንዴ ዘለል አለ፣ ቆመ፣ እንደ ማሳል አደረገውና መዞር ጀመረ።

ራዲዮ ጠረጴዛውን ደበደበች። «ተነሳ! ተነሳ በናትሽ! የግራውስ? አምጪው የግራውን!»

የግራው ግን ሌላ ነው። ዘይቱንም ጠጣ፣ ጣትም አየ፤ ከማቃሰት አላለፈም። ቲቸር አገላብጠው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄኛው ዝጓል። ዘይቱ ወደ ውስጥ እስኪሰርግ ይደር። ነገም ይደር፤ ከነገ ወዲያም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ በጣት ብቻ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ቲቸር፣ እሷ እኮ ለሰኞ ነው የፈለገችው!» አለች ራዲዮ። «እንቁላሉ ለሰኞ አይደርስም።»

ትንሿ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት።

«ሰኞ ምን አለ?» አሉ ቲቸር።

«ምንም፣ ቲቸር።»

---

ሰኞ የመጨረሻው ቀን ነው።

ትልቁ ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ትምህርት ሳይዘጋ ነበር። «ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» አለ። ቦርሳውን ኮሪደሩ ላይ ጥሎ ክፍሉ ገባና ተኛ። ዕረፍቱ ረዘመ። ጓደኞቹ ተፈተኑ፣ ለዕረፍት መጡ፣ ተመለሱ፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ነው። ስልኩ ከጠፋ ቆይቷል። ምግብ ሲገባለት «እሺ» ይላል፤ ሳህኑ እንደገባ ይወጣል። «ምን ሆንክ?» ሲሉት «ምንም» ይላል። ቤቱን ሁሉ የሞላችው ይህቺ «ምንም» ናት።

እናቱ ለምና፣ አልቅሳ፣ በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ድባቴ የሚባል ሕመም ነው አላት። መድኃኒት አዘዘለት፤ ጊዜ እንደሚወስድም ነገራት። እናቱ መድኃኒቱን ተቀበለች፤ ጊዜ የሚለውን ግን ልትሰማው አልወደደችም። ምክንያቱም ዩኒቨርሲቲው፣ ልጁ እስከ ሰኞ ተመልሶ ካልተመዘገበ ቦታውን እንደሚያጣ አሳውቋል።

ትንሿ ቤት ስትገባ እናቷን በር ላይ ከጎረቤት ሴትዮ ጋር አገኘቻት።

«ልጅሽ ዛሬም አለ እንዴ? እነሱ ጋ ትምህርት አልተጀመረም?» ትላለች ሴትዮዋ።

«ተጀምሯል። ሰኞ ይሄዳል» አለች እናቷ አፏን ሞልታ። ከዚያ ገባችና የልብስ ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑ ግማሹ መኖሪያ፣ ግማሹ የጨርቅ ክምር ነው። ግድግዳው ላይ በሚስማር የትልቁ ሰማያዊ ሸሚዝ ተሰቅሏል። ተተኩሷል። አንገትጌው ቢላ ይመስላል።

«ሁለት ማንኪያ ሾርባ ቀመሰ» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሁለት ማንኪያ። ደህና ነው አይደል? ትናንት እኮ ምንም።»

«ደህና ነው እማዬ።»

ስልክ ጮኸ። አባታቸው ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ነውና ከወር እስከ ወር መንገድ ላይ ነው፤ ሲደውል ሁልጊዜ ከድምፁ በፊት የመኪናው ጉርምርምታ ይመጣል።

«ትንሿ፣ ወንድምሽን ስጪኝ እስኪ።»

«ተኝቷል አባዬ።»

«ሁሌ እንደተኛ?» አለ አባቷ። ጉርምርምታው ብቻ ይሰማታል። «በቃ እሺ። አይዞህ ብሎሃል በይልኝ።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ትልቁ ክፍል ገባች። አየሩ ታፍኗል፤ መጋረጃው አልተገለጠም። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። ካናቴራው ሰፍቶት ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። አይዞህ የምትለው ቃል አፏ ውስጥ ከበደቻትና ሌላ ነገር ተናገረች።

«ትልቁ... ጥንዚዛው ትዝ ይልሃል?»

የሰማትም አልመሰላት።

«ጣይው» አለ በመጨረሻ። «እሱ እኮ ሞቷል።»

ትንሿ ስትወጣ ጉንጯ ግሎ ነበር። አልሞተም። ግማሹ ዛሬ ተነስቷል! የግራው ብቻ ይነሳ፤ ጥንዚዛው ራሱ አልጋው ሥር ሄዶ ይቁም፤ ያኔ ያያል። ከዚያ ያቺ ሸሚዝ ከሚስማሩ ትወርዳለች። ነገሩ እንዴት እንደሚያያዝ ቢጠይቋት መልስ የላትም፤ ግን ሰው የሚይዘው ሲያጣ ያገኘውን ይይዛል። እሷ የያዘችው ሞተር ነበር።

---

ዓርብ ከሰዓት መምህራኑ ስብሰባ ገቡ። የክበቡ ክፍል ውስጥ ትንሿና ራዲዮ ብቻ ናቸው።

በየቀኑ በጣቷ ስትሞክረው ነበር። ትናንት ዘንጉ እንደ ጥፍር ስፋት ተንቀሳቅሶላታል። ዛሬም ያችኑ ያህል። በዚህ አካሄድ መቼ ሊዞር ነው? ነገ ቅዳሜ ነው፤ ከዚያ እሑድ። ከዚያማ አለቀ።

ትንሿ የባትሪዎቹን መያዣ ሳበች። በአንዲቷ ፈንታ ሁሉንም ደረደረችበት። ከአሻንጉሊቶቹ ሣጥን ሌሎች አንስታ ጨመረችበት።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ራዲዮ።

«ትንሽ ልግፋው። ለማላቀቅ ያህል ብቻ።»

«ቲቸር ጉልበት አትስጪው ብለዋል እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ...»

«ራዲዮ፣ አንዴ እንኳ ዝም በይ!»

ራዲዮ ዝም አለች። ያ ራሱ ብርቅ ነበር።

ትንሿ ሽቦውን አስነካች። ሞተሩ ከማቃሰት አልፎ ጮኸ። ዘንጉ ንቅል አለና ግማሽ ዙር ዞረ። «አየሽ! አየሽ!» አለች። ቆመ። ልልቀቀው ወይስ ልያዘው ብላ ስታስብ፣ ገና ስታስብ፣ ጣቷን አቃጠላት። ያልለቀቀችው ስለዞረ ነው፤ ግማሹን የዞረ ሙሉውን የማይዞርበት ምክንያት አልታይ ስላላት ነው። ከዚያ ሽታው መጣ። የቀለጠ ቀለምና የተቃጠለ ፀጉር የተቀላቀሉበት የሚመስል ሽታ። ከቆርቆሮው ቀዳዳ ክር የመሰለች ጭስ ወጣችና ጣሪያው ሥር ጠፋች።

ሽቦውን ወረወረችው። እንደገና አንስታ አስነካችው። ማቃሰት እንኳ የለም። አሁን በእርግጥ ጸጥ ብሏል።

ቲቸር ከስብሰባ ሲመለሱ በሩ ላይ አፍንጫቸው ነገራቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ሞተሩን በፒንሳ ከፍተው ውስጡን አወጡት። በብረቱ ላይ የተጠቀለለው ቀጭን ሽቦ ከሰል ሆኗል። መነጽራቸውን አውልቀው አስጠግተው አዩት።

«ምን ያህል ሰጠሽው?»

«ሁሉንም» አለች ትንሿ።

ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከሽቦው አላነሱም። «ይሄ የፋብሪካ ጥቅል አይደለም እኮ» አሉ። «አየሽ እዚህ ጋ? እዚህ ይጠብቃል፣ እዚህ ይላላል። በሰው እጅ ነው የተጠቀለለው። ፀጉር በሚያህል ሽቦ፣ አንድ ባንድ። ሲበጠስበት ቀጥሎታል፤ ይኸው ቋጠሮው። ማነው የሠራው?»

«ወንድሜ። ልጅ ሆኖ።»

«እንዲህ ያለ ትዕግሥት!» አሉ ቲቸር። «አሁን የት ነው ያለው?»

«ዩኒቨርሲቲ» አለች ትንሿ።

ቲቸር የተቃጠለውን ሞተር በወረቀት ጠቅልለው እጇ ላይ አኖሩላትና ትከሻዋን ነካ አድርገው ወጡ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ራዲዮ፣ ትንሿ እንባዋን እስክትጨርስ ጠበቀቻት፤ ረጅም ጊዜ ነው ለእሷ። ከዚያ ተነሳችና ከመደርደሪያው አንድ ጎማ የሌለው አሻንጉሊት መኪና አወረደች።

«ስሚኝ። የዚህ ሞተር ቁመቱም ውፍረቱም ያው ነው። እንቀይረው።»

«የእሱ አይደለም።»

«ከውጪ ቆርቆሮ ነው የሚታየው። ቆርቆሮ ደግሞ ቆርቆሮ ነው። አቦ ትንሿ፣ አንቺ የፈለግሽው ሞተር ነው ወይስ ወንድምሽን? ደግሞ ተኝቶ ነው ያለው፤ በምን ነቄ ይላል?»

ካቻቢቴውን ያነሳችው ግን ትንሿ ራሷ ናት።

ጀንበር ሳትጠልቅ ጥንዚዛው መሬት ላይ ቆመ። ራዲዮ የስልኳን መብራት አበራችለት። ነቃ፤ ጎማዎቹ ተሽከረከሩ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ክፍሏን አቋረጠ። ራዲዮ እየዘለለች አጨበጨበች። ትንሿ ግን የሄደበትን መስመር በዓይኗ ተከተለችው።

ቀጥ ብሎ ነበር የሄደው።

---

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ጥንዚዛው ከወንበር ወንበር ሲሄድ ስታይ የያዘችውን ጨርቅ ለቀቀችው። «ይሄ... ይሄ የሱ አይደለም እንዴ? በይ አሳዪው! የኔ ልጅ፣ የኔ ብልህ፣ ሂጂ አሳዪው!» እጇን ይዛ እየጎተተች ወሰደቻት።

ትንሿ ክፍሉ ደፍ ላይ ተንበረከከችና መብራቱን ወደ አልጋው አበራች። ጥንዚዛው እየተንቀጫቀጨ ገባ። ድምፁን ሲሰማ የትልቁ ትከሻ ደንገጥ አለ። ቀስ ብሎ ዞረ። ፊቱን ሙሉውን ካየችው ስንት ጊዜዋ ነው? ጢሙ አድጓል፤ ዓይኖቹ ጎድጉደዋል። አየው። ክርኑን ተደግፎ ተነሳ። ተቀመጠ!

እናታቸው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማን ጠገነው?»

«እኔ።»

«ሞተሮቹ አልተጣበቁም ነበር?»

«ተጣብቀው ነበር። ዘይት ጠብ አድርጌ፣ በጣት እያዞርኩ...»

ጥንዚዛውን ከመሬት አነሳው። አገላበጠው። ጣቱ የግራው ሞተር ላይ አረፈ። «ይሄኛውም?»

እናቷ ከበሩ ዓይኗን ጥላባታለች። እንዲህ ያለ ዓይን ትንሿ በእናቷ ላይ አይታ አታውቅም፤ እንደ ልጅ ዓይን።

«ያኛውም» አለች ትንሿ።

ትልቁ ጥንዚዛውን መሬት ላይ አስቀመጠውና በእጁ ምልክት ሰጣት። መብራቱን ያዘችለት። ከአልጋው እስከ ቁም ሣጥኑ ሄደ። እንደገና በይ አላት። እንደገና ሄደ።

«ቀጥ ብሎ ሄደ» አለ ትልቁ።

«አዎ! ቀጥ ብሎ!» አለች እናቱ በደስታ።

«ያን ሞተር ስንት ጊዜ ፈትቼ ስንት ጊዜ ጠቀለልኩት። ዓመቱን ሙሉ። አንድ ቀን ቀጥ ብሎ ሄዶልኝ አያውቅም።» ፈገግ ያለ መሰለ፤ ፈገግታ ግን አልነበረም። «ስለፋበት ጠማማ ነበር። ስተወው ተቃና። ይገርማል።»

ተመልሶ ጋደም አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እናቱ የሰማችው ሌላ ነበር። ልጇ ተቀመጠ፤ ይህን ሁሉ ቃል ባንዴ ተናገረ! ሳሎን ስትገባ እያለቀሰች ትስቃለች። ሸሚዙን ከሚስማሩ አውርዳ ሳያስፈልገው ደግማ ተኮሰችውና መልሳ ሰቀለችው። ትንሿ ጓዳ ገብታ ውኃ ከፈተችና ዝም ብላ ሲፈስ አየችው።

ለራዲዮ ደወለች።

«ተሸወደ?» አለች ራዲዮ።

«አመነኝ።»

«እና ምን ሆነሽ ነው ድምፅሽ?»

ነገረቻት። ራዲዮ ትንሽ አሰበች። «በቃ ሆድ ይፍጀው። አሁን ብትነግሪው ይባስ ይሰበራል። ደግሞ ማን ያውቃል፣ ሰኞ ይነሳ ይሆናል።»

ትንሿም ይህችኑ ይዛ እሑድን ዋለች። ይነሳ ይሆናል።

---

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው ሚስማሩን ነው። ባዶ ነው። ሄደ?

ከዚያ ሸሚዙን አየችው። ተጣጥፎ፣ ከሚጠገኑት ጨርቆች መሐል ተቀምጧል። እናቷ መኪናዋ ፊት ጎብጣ ትሰፋለች፤ መርፌው ይወጣል ይወርዳል። ትንሿ ቀረብ ስትል መርፌው ላይ ክር የለም።

«እማዬ፣ ክሩ ወጥቷል።»

እናቷ ቆመች። መርፌውን አየችው። «ተይኝ አለኝ» አለች። «እስከ እኩለ ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ተቆጣሁ፤ ለመንኩ። ተይኝ እማዬ፣ እኔ አልረባም፤ የነካሁት ሁሉ ይበላሻል አለኝ። እንዲህ ይባላል? የኔ ልጅ እንዲህ ይላል?» ከዚያ ክሩን ልታስገባ ሞከረች። ሳተችው፤ ደግሞ ሞከረች።

ትንሿ ክሩን ተቀብላ አስገባችላት። ትልቁ ያን ቃል ከየት እንዳመጣው በዚያ ቤት የምታውቀው እሷ ብቻ ነች። ግማሹን ከሕመሙ አምጥቶት ይሆናል። ግማሹን ግን እሷ ነች የሰጠችው፤ በእጇ፣ በመብራት እየመራች።

ቦርሳዋን ከፈተች። በወረቀት የተጠቀለለው ሞተር ከደብተሮቿ ሥር ነው። ወረቀቱ አሁንም ይሸታል። ራዲዮ ያለቻት ትዝ አላት፤ ይባስ ይሰበራል። ልክ ልትሆን ትችላለች። የሰኞውም ነገር አልፏል፤ እንግዲህ እውነቱ ማንንም የትም አያደርስም። ይህን ሁሉ አሰበችና ገባች።

«ትልቁ።»

ጀርባው አልተንቀሳቀሰም።

«ዋሽቼሃለሁ።» መሬቱ ላይ ተቀመጠች፤ ቆማ መናገር ስላልሆነላት። «የግራው ሞተር ያንተ አይደለም። ከአሻንጉሊት መኪና ነው ያወጣነው። ያንተን እኔ አቃጠልኩት። ቲቸር ቀስ በይ ብለውኝ ነበር፤ ለሰኞ እንዲደርስ ብዬ ያለ የሌለ ባትሪ ሰካሁበት። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር። ትንሽ ትንሽ መንቀሳቀስ ጀምሮልኝ ነበር። ያንተ ጥቅል አልተበላሸም፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ከሳሎን የስፌት መኪናው ድምፅ ይመጣል፤ ይቆማል፤ ይመጣል።

ከዚያ ትልቁ ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። መዳፉን ከፈተ። ትንሿ ወረቀቱን አኖረችበት። ሲፈታው ሰማችው፤ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ሰማችው። ሽቦውን በጥፍሩ ሲነካው ከሰሉ እየተፈረፈረ አንሶላው ላይ ወረደ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትነሳለህ ብዬ።»

ትልቁ ሞተሩን በጡጫው ጨበጠው።

«እምቢ ብዬ እንዳይመስልሽ» አለ። ድምፁ ደርቋል። «ሁላችሁም እምቢ ያልኩ ነው የሚመስላችሁ። አልቻልኩም፣ ትንሿ። ጠዋት እግሬን አውርጄ ነበር። እማዬ ሳትገባ። ሸሚዙ ጋ ልደርስ። አልቻልኩም።»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትንሿ ታላቅ ወንድሟ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ምን እንደሚባል አታውቅም፤ አይዞህ ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ሞተሩን በጡጫው ውስጥ እንደያዘው ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰበሰበ፤ ሰውነቱ በሙሉ አንድ ጥቅል ሆነ።

«በሩን ዝጊው» አለ።

ትንሿ ተነሳች። እጀታውን ይዛ ቆመች። ከበሩ ማዶ እናቷ የስፌት መኪናዋን አቁማ ወደ እሷ ታያለች።

በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ተመለሰችና ጀርባዋን ለአልጋው ሰጥታ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። እሱም «ውጪ» አላላትም።